የእናቴን እንቅልፍ የመለሰልን የኤሲ ባለሙያ፣ እጅህ ይባረክ!

ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ሙቀት ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራታል። የክፍሏ ኤሲ ደግሞ ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም ነበር። ስንት ሌሊት ቁጭ ብላ አነጋች! እኔም አጠገቧ ሆኜ በካርቶን ሳራግብላት አነጋ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሰው «የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላ። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ያው ሆነ። ድጋሚ ሞላ፣ ድጋሚ ከፈልኩ። በአሥር ቀኑ ሲበላሽ ስልኬን ማንሳት ተወ። ሁለተኛው ደግሞ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት፣ በር ላይ ቆሞ «ይሄ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዙ» አለን። እናቴ እየሰማች! ስማቸውን አልጠራም፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ሦስተኛው ይህ ልጅ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባና «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት። መሣሪያ ሳያወጣ በፊት ጠየቀኝ። ስንት ዓመቱ ነው? ቱቦው ላይ በረዶ ይሠራል? ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ይነሳል? የመብራት ሒሳብ ጨምሯል? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጋዙ ሁለቴ መሞላቱን ስነግረው አዘነ። «ጋዝ እኮ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ» አለኝ። የሳሙና አረፋ በጥብጦ የውጪውን ቱቦ መጋጠሚያ ቀባው። «ነይ እዪው» ብሎ ጠራኝ። አንዲት ትንሽ አረፋ ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ እዚያው ቦታ ሌላ ታብጣለች። ሁለት ወር ያሰቃየን ነገር ይቺው ናት!

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ አላውቀውም። አየሩን የሚያጣራውን ፊልተር ሲያወጣ ግን አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮበት ነበር። በየወሩ እንዳጥበው፣ በረዶ ከሠራ አጥፍቼ እስኪቀልጥ እንድተወው፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተኝ ደግሞ ወዲያው ከብሬከሩ አጥፍቼ እንድደውል ነገረኝ።

ሥራውን ጨርሶም ወዲያው አልሄደም። ወንበር ስቦ ከእናቴ ጋር እያወራ አንድ ሰዓት ጠበቀ። እናቴ ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ስትስብ አይቶ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

«እንቀይረው ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። መሸጥ ቢፈልግ ያኔ ይሸጥልኝ ነበር። እሱ ግን «8 ዓመቱ ነው፣ ገና ያገለግላችኋል። ዕድሜው 10 ወይም 15 ዓመት ከሞላ በኋላ ኮምፕረሰሩ፣ ማለት ጋዙን የሚገፋው ዋናው ሞተር፣ ከሄደ ግን ገንዘብ አታፍሱበት፣ ያኔ ቀይሩት» አለኝ።

እባካችሁ፣ ቀይሩ ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ጋዝ እንሙላ የሚላችሁን ደግሞ «የት ነው የሚያፈሰው?» በሉት። እንዲህ ዓይነት ታማኝ ሰው ሥራ ሊበዛለት ይገባል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ይህን ሳነብላት እናቴ «ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለሽ ጨምሪበት ብላኛለች።