ለሊኑክስ ላፕቶፕ የቱ ሄድሴት ይሻላል፦ ብሉቱዝ ወይስ ዶንግል ያለው?

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ሽቦ አልባ ሄድሴት ከገዛ በኋላ የሚያሰማው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሙዚቃው ጥሩ ነው። ስብሰባ ሲጀመር ግን ድምፁ ድንገት የድሮ የቤት ስልክ ይመስላል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ይሆናል፤ ምናልባትም አልዋሸም። ያንን መልሶ የሚወደድ ብሉቱዝ መግዛት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይዞ መዞር ነው። ስለዚህ ከዋጋና ከብራንድ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ የሄድሴቱን ማይክ ትጠቀሙበታላችሁ ወይስ አትጠቀሙበትም? ብሉቱዝ ወይስ ዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ያለው የሚለው ምርጫ በዚህ መልስ ላይ ነው የሚቆመው።

ብሉቱዝ፦ ለመስማት ጎበዝ፣ ለማውራት ደካማ

ተራ ብሉቱዝ ሄድሴት ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ኤ2ዲፒ ይባላል። ድምፅ ወደ ጆሮ ብቻ ይሄዳል፣ ስቴሪዮ ነው፣ ጥራቱም ደህና ነው። ማይክ ግን የለውም። ሌላው ኤችኤፍፒ ነው፤ ለስልክ ጥሪ የተሠራ። በዚህኛው መስማትና ማውራት አብረው ይቻላሉ፤ ነገር ግን ድምፁ ሞኖ ይሆንና ጥራቱ ክፉኛ ይወርዳል። የድሮው ኮዴክ (ድምፁን ለመላክ የሚጨምቀው ስልት) ሲቪኤስዲ በሰከንድ 8,000 የድምፅ ናሙና ብቻ ይይዛል። የተሻለው ኤምኤስቢሲ 16,000 ይይዛል። የሙዚቃ ሲዲ 44,100 ነው። ልዩነቱን ለመለየት ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም።

ሁለቱ መንገዶች በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ዙም ወይም ጉግል ሚት የሄድሴቱን ማይክ በከፈተ ቅጽበት ሙዚቃውም፣ ቪዲዮውም፣ የምታዳምጡት ሰው ድምፅም አብሮ ይወርዳል። በዚህ ውዱም ርካሹም አንድ ናቸው። ዊንዶውስ ላይም ያው ስለሆነ ሊኑክስን መራገም አያስፈልግም።

ሊኑክስን መራገም የሚቻልበት ቦታ ግን አለ። ለብዙ ዓመታት ድምፅን ያስተዳድር የነበረው ፐልስኦዲዮ፣ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት በቀር፣ ኤምኤስቢሲን አያውቅም ነበር። የተማረው በ2021 በወጣው 15ኛው ዕትም ነው። ኡቡንቱ 20.04 ላይ የቀረ ሰው ስብሰባውን የሚሰማው በዚያ በ8,000ው ነው። ዛሬ ቦታውን የያዘው ፓይፕዋየር ይባላል። ፌዶራ ከ34ኛው ዕትም (2021) ጀምሮ፣ ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ፣ ሊኑክስ ሚንት ከ22 ጀምሮ ይዘውት ይመጣሉ። ኤምኤስቢሲን ያውቃል፤ ማይክ ሲከፈትና ሲዘጋም መንገዱን በራሱ ይቀያይራል። ስለዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ሄድሴት ከመቀየራችሁ በፊት ሲስተሙን አድሱ። በነፃ ነው።

ከሄድሴቱ ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ኤልዳክና አፕቲኤክስ የሚባሉ ኮዴኮች ለሙዚቃ ብቻ ናቸው። ኤልዳክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ተራው ኤስቢሲ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ 328 ገደማ ነው። ፓይፕዋየር ኤልዳክንም አፕቲኤክስንም ይችላል። ማይኩ ሲከፈት ግን አንዳቸውም አይሠሩም። ለስብሰባ ብሎ ኤልዳክ ላይ ተጨማሪ ብር መክፈል ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

ምንም ሳይገዙ የሚሞከረው

ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሄድሴቱን ለመስማት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለማውራት የላፕቶፑን ማይክ ወይም የዌብካሙን። ድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ማስገቢያውን የላፕቶፑ ማይክ ላይ አድርጉ። በስብሰባው ፕሮግራም ውስጥም እንዲሁ። ሄድሴቱ ኤ2ዲፒ ላይ ይቆያል፤ የሌሎቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል፤ የእናንተም ድምፅ ብዙ ጊዜ ከብሉቱዙ ማይክ ተሽሎ ይሰማቸዋል።

አንዳንድ የፓይፕዋየር ዕትሞች ግን ማይክ መከፈቱን ሲያዩ ሄድሴቱን ሳትጠይቋቸው ወደ ስልክ ድምፅ ይጥሉታል። ያኔ ፐልስኦዲዮ ቮልዩም ኮንትሮል የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ። ስሙ ፐልስኦዲዮ ቢልም ከፓይፕዋየር ጋር ይሠራል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሄድሴቱ ስም ይመጣል፤ ከዝርዝሩ ኤ2ዲፒን መልሳችሁ ምረጡ። ነገርዬው ከተደጋገመ ዋየርፕላምበር በሚባለው የፓይፕዋየር አጋዥ ፕሮግራም ቅንብር ውስጥ ራስ-ሰር መቀያየሩን ማጥፋት ይቻላል።

ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ይበቃል፤ ንጽጽሩንም እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ልጆች የሚጫወቱበት ቤት ወይም ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ግን የላፕቶፑ ማይክ ሁሉንም ይሰበስባል። ያኔ አፍ አጠገብ የሚደርስ ማይክ ያስፈልጋል።

የራሱ ዶንግል ያለው፦ ለማይክ ይሄ ነው

እነዚህ ሄድሴቶች ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል ይዘው ይመጣሉ፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ከእሱ ጋር ብቻ በራሳቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ። የሎጊቴክ፣ የስቲልሲሪስ፣ የሃይፐርኤክስ የጌም ሄድሴቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሊኑክስ ዶንግሉን የሚያየው እንደ ተራ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ነው። ለዚያ የሚሆነው ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አብሮ አለ። ትሰካላችሁ፣ ይሠራል። ማጣመር የለ፣ መንገድ መቀያየር የለ። ስቴሪዮውና ማይኩ አብረው ይሠራሉ፤ ድምፁ ከምስሉ ኋላ የመቅረቱ ጣጣም ከብሉቱዙ በጣም ያንሳል።

እኔ በየቀኑ ስብሰባ ላለበት የሊኑክስ ተጠቃሚ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የኩባንያዎቹ ማስተካከያ ፕሮግራም በአብዛኛው ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ነው። ሄድሴትኮንትሮል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ለብዙ ሞዴሎች የባትሪውን መጠን ያሳያል፤ የራስን ድምፅ በጆሮ የመስማቱን መጠንም ያስተካክላል። የሄድሴቱን የውስጥ ሶፍትዌር ለማደስ ግን ዊንዶውስ ያለው ጓደኛ ያስፈልግ ይሆናል። አንዳንድ የስቲልሲሪስ አርክቲስ ሞዴሎች ደግሞ ሁለት መውጫ ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ ለጌም፣ አንዱ ለወሬ። ድምፁ ሞኖ ከሆነባችሁ የተመረጠው የወሬው ይሆናል፤ ሌላውን ምረጡ። ሌላው ጉድለት ስልክ ነው፦ ብዙዎቹ ብሉቱዝ ስለሌላቸው መንገድ ላይ አብረዋችሁ አይወጡም።

መሃከለኛው፦ የቢሮ ሄድሴት

ጃብራ ኢቮልቭ2 65 የመሰለው የቢሮ ሄድሴት ሁለቱንም ይዟል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ፣ ከኮምፒውተር ጋር ሊንክ 380 በሚባል ዶንግል። ዶንግሉ ለሊኑክስ የድምፅ ካርድ ሆኖ ይቀርባል። በውስጡ ግን ብሉቱዝ ነው። ስለዚህ በጥሪ ጊዜ ድምፁ እዚህም ይወርዳል፤ ጥቅሙ መቀያየሩን የሚሠራው ዶንግሉ ራሱ መሆኑ ነው። ሊኑክስ በማይገባው ጉዳይ አይገባም፤ ግንኙነቱም ይረጋጋል። ቀኑን ሙሉ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ለሚመላለስ ሰው ዋጋው ያዋጣል። ሙዚቃ ከፍቶ እያወራ ለሚሠራ ግን አያዋጣም።

የሚቆራረጥ ከሆነ

መቆራረጥ ሌላ በሽታ ነው፤ አዲስ ሄድሴት አያድነውም። መጀመሪያ ዋይፋዩን ተመልከቱ። ብዙ ላፕቶፖች ዋይፋይና ብሉቱዝ በአንድ ካርድ ነው የሚሠሩት፤ ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ከሆነ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርትዝ ካለው ወደዚያ ቀይሩ። ቀጥሎ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳን ተመልከቱ። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የዩኤስቢ 3 መሣሪያና ገመድ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ጫጫታ ይፈጥራል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አጠገብ የተሰካ ዶንግል ቢንተባተብ አይገርምም። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ግዙና ዶንግሉን ራቅ አድርጉት። ይህ ምክር ለብሉቱዙም ለጌም ዶንግሉም እኩል ይሠራል።

ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጥፋተኛው የብሉቱዝ አዳፕተሩ ሊሆን ይችላል። በየሱቁ የሚሸጡት በጣም ርካሽ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ ሲኤስአር የሚባለው ቺፕ ኮፒ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ አመለኞች ናቸው። የኢንቴል ካርድ ያለው ማሽን ይህ ጣጣ የለበትም ማለት ይቻላል።

ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ ብሉቱዝ ከኤልሲ3 ኮዴክ ጋር የማይኩን ችግር ከሥሩ ሊፈታ የተሠራ ነው። ነገር ግን ሄድሴቱም፣ አዳፕተሩም፣ ሲስተሙም ሊያውቁት ይገባል፤ ሊኑክስ ላይ ገና እየበሰለ ነው። በተስፋው ብቻ አትግዙ።

ያገለገለ ስትገዙ

«ዶንግሉ የት አለ?» የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን። ብሉቱዝ የሌለው የጌም ሄድሴት ያለ ዶንግሉ ከኮምፒውተራችሁ ጋር ያለ ሽቦ አይሠራም፤ ሻጩ «የሎጊቴክ ማውስ ዶንግል ይሆነዋል» ካላችሁም አይሆነውም። የጃብራው ከጠፋ ሌላ መግዛት ይቻላል፤ ከሄድሴቱ ጋር ማስተዋወቂያው ፕሮግራም ግን ለዊንዶውስና ለማክ ነው።

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዴስክቶፕ ብቻ ያለው ሰው ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ሄዶ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሳይጭን እንዲያስነሳው ይጠይቅ። ሙዚቃ ክፈቱ፤ ሙዚቃው እየሄደ በሄድሴቱ ማይክ ድምፃችሁን ቅዱ። የጌም ሄድሴት ከሆነ፣ ሙዚቃው ካልተበላሸ፣ የተቀዳውም ጥርት ካለ፣ ስለ ዋጋው መነጋገር ትችላላችሁ።