አርባ ምንጭ የት እንረፍ? የሴቻ ጎጆ ወይስ የከተማው ፎቅ

ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው፣ ሎጅ እንያዝ ወይስ ሆቴል?» ሴቻ በሚባለው የላይኛው ከተማ፣ ከገደሉ አፋፍ ያለ የሣር ጎጆ ያዙ። ነገር ግን ጎጆው ከላይ እስከ ታች ጎጆ መሆን አለበት። ቆርቆሮ ላይ ሣር የተጣለበት የሲሚንቶ ክፍል ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ የፎቁ ሆቴል ይሻላችኋል።

መጀመሪያ ዋጋውን እናጥራ። በስልክ የሚነገራችሁ አብዛኛውን ጊዜ «ፕላስ ፕላስ» ነው፤ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ገና አልገቡበትም። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው። 6,000 ብር የተባለ ክፍል ከሰርቪሱ ጋር 6,600፣ ቫት 990 ሲጨመርበት 7,590 ይሆናል። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ካሰባችሁት በላይ 3,180 ብር ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ምግቡም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። ስለዚህ «ሁሉም ተጠቃሎ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ አስልኩ። ቁርሱ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት? ለልጅ ተጨማሪ ፍራሽ ይከፈላል? «ሌክ ቪው» የሚባለው ክፍል ከሌላው በስንት ይበልጣል? ለነዋሪና ለውጭ አገር እንግዳ ሁለት ዋጋ የሚያወጡ ቤቶች አሉ። ከውጭ የምትመጡ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ ክፍሉን ስትይዙ ተናገሩ፤ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደ ጎጆው። የሎጆቹ ጎጆ የተቀዳው ከዶርዜ ሕዝብ ቤት ነው። የዶርዜ ቤት የሚሠራው ተሰንጥቆ በተጠለፈ ቀርከሃ ነው፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል። አሠራሩ የጨንቻ ደጋ ነው፤ በውስጡ እሳት አይጠፋም፣ ጭሱም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ሎጆቹ ግን ይህን ቤት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት ሲያወርዱት ጭሱን ይተዉታል፤ የእንግዳ ክፍል ውስጥ እሳት አይነድማ። ስለዚህ ቀርከሃው መድኃኒት ካልተቀባ ነቀዝ ይገባዋል። ክፍሉን ስታዩ የአልጋውን ራስጌና የግድግዳውን ሥር በጣታችሁ ዳብሱ። እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ ብናኝ ካገኛችሁ ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ላይ ሲዘንብ ያድራልና ሌላ ክፍል ጠይቁ። ብናኙ ቢጠረግም በማግስቱ ይመለሳል።

ቅጂውን መለየት ቀላል ነው፤ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ላይ እዩ። የእውነተኛው ጎጆ ጣሪያ እስከ ጉልላቱ ክፍት ነው፣ ማገሩና የሣሩ ግርጌ ይታያል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መሃል ስለሚተነፍስ በቀትር እንኳ ታችኛው ክፍል ይቀዘቅዛል። ጠፍጣፋ ኮርኒስ ካያችሁ ከበላዩ ቆርቆሮ ሳይኖር አይቀርም። ጫፉ ላይ ሄዳችሁ የክዳኑን ውፍረት ለኩ፤ ከስንዝር ካነሰ ለፎቶ የተጣለ ነው። ከቆርቆሮ ላይ የተነጠፈ ሣር ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ዝናብ የነካው ዕለት አይደርቅም፤ ይጠቁርና ይሻግታል፣ ሽታውም ክፍል ድረስ ይገባል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ክፍሉ ምጣድ ነው። ባለቤቱም በየጊዜው ሣር ከመቀየር አይድንም፣ ያንን ወጪ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የሚያናድደው ለእነዚህ ክፍሎች የሚጠየቀው ዋጋ ከእውነተኛው እኩል መሆኑ ነው።

የፎቅ ሆቴሉ ጥንካሬ መብራት እስካለ ድረስ ነው። ኤሲው ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ የተሻለ ነው፣ ሙቅ ውኃ አይቸግርም። መብራት ሲጠፋ ግን ለኤሲ ታስቦ የተሠራ ክፍል መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ብሎኬት ነው። «ጄኔሬተር አለ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አለ ይላል። «ጄኔሬተሩ ኤሲውንና የውኃ ፓምፑን ይችላል? ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ይጠፋል?» በሉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን፣ ለጨቅላ ሕፃንና ለስብሰባ ለሚመጣ ሰው ፎቁን መምረጥ ያስኬዳል፤ የሴቻ ጎጆዎች መንገድ ድንጋይና ደረጃ የበዛበት ነው።

ለቀራችሁት ግን ሴቻ የምትከፍሉበት ነገር በረንዳው ላይ ነው። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ስትቀመጡ በግራ አባያ ሐይቅ ደለሉን ይዞ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሃላቸው ሁለቱን የሚለየው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ፣ ከሥር የአርባዎቹ ምንጮች ጫካ ይታያል። ፀሐይ የምትወጣው በዚያው በኩል ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ መነሣት ነው። ሲቀላ፣ ታችኛው ከተማ፣ ወርዶ ያረፈ ሰው ይህን ለማየት ባጃጅ ይዞ መውጣት አለበት። የሐይቅ ዕይታ ጭማሪው መጠነኛ ከሆነ ክፈሉ፤ ከበዛ ግን የአትክልት ፊቱን ክፍል ይዛችሁ ምግብ ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀመጡ፣ ዕይታው ያው ነው።

አጎበሩን ሳታዩ ክፍል አትቀበሉ። አርባ ምንጭ የወባ አገር ነው፣ ጎጆ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም። አጎበሩን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ የተቀደደ ከሆነ አስቀይሩ፣ ሲመሽም ጠርዙን ፍራሹ ሥር ጠቅጥቁት። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ዝንጀሮና ጦጣ በር ከፍተው እስከ መግባት ስለሚደርሱ ሙዝና ማንጎ ክፍል ውስጥ በግልጽ አታስቀምጡ።

ምሳችሁን ሲቀላ ዓሣ ቤቶች ብሉ፤ የጫሞ ዓሣ በዳጣ ከሎጁ በረከሰ ዋጋ ይገኛል። ጫሞ ላይ አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት «የአዞ ገበያ» የሚወስደው ጀልባ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ከምትሄዱ ሎጁ ውስጥ ያሉ ሌሎች እንግዶችን ጠይቃችሁ ወንበሩን ሙሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል።

በመስከረም አጋማሽ፣ ጋሞዎች ዮ ማስቃላን (መስቀልን) በሚያከብሩበት ሰሞን፣ ክፍል በቀላሉ አይገኝም። ለዚያ ጊዜ አስቀድማችሁ ቀብድ ከላካችሁ የቴሌብሩን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ የክፍሉን ቁጥርም አስጽፉ። የክፍል ቁጥር ያላስጻፈ ሰው ሲደርስ የሚጠብቀው፣ ያ ኮርኒስ ያለው ክፍል ሊሆን ይችላል።