ስለ ልጆች አስተሳሰብ የሚሰጠውን የቅዳሜ ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ያው ቃል በገባሁት መሰረት ሪቪው

ኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ኮርሱ ለወላጆች ነው፣ የልጆች አስተሳሰብ ከኬጂ እስከ ጉርምስና እንዴት እንደሚያድግ፣ 6 ቅዳሜ፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ 4,800 ብር ሻይና ሳምቡሳ ጨምሮ። የማማርርበት ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ኮሜንት ላይም አትጠይቁኝ። እኔ ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ስንጀምር ትንሿ ሶስት ዓመት ተኩል፣ መሃለኛው 8፣ ትልቁ 14፣ እንግዲህ ለዚህ ኮርስ ከኔ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በቃ ብስጭት ነበር። 40 ደቂቃ ዘግይተው ጀመሩ፣ ከዛ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ፣ እሱ ሲስተካከል መብራት ጠፋ። አሰልጣኟ ስላይዱን እያነበበች ዣን ፒያዤ፣ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠና የስዊዘርላንድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. 1896 ተወለደ፣ የአስተሳሰብ እድገት አራት ደረጃ አለው፣ እስከ 2 ዓመት፣ ከ2 እስከ 7፣ ከ7 እስከ 11፣ ከዛ በላይ፣ አለቀ። ይሄንን ጎግል በነጻ ይነግረኝ ነበር እያልኩ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ አሰልጣኝ መጣ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ላፕቶፑን እንኳን አልከፈተም፣ ሁለት ብርጭቆና አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ቆመ። ፒያዤ ወጣት እያለ ፓሪስ ውስጥ የልጆች የአእምሮ ፈተና ላይ ይሰራ እንደነበር፣ ትኩረቱን የሳበው ግን ትክክለኛው መልስ ሳይሆን የሚሳሳቱት እንደሆነ ነገረን፣ ምክንያቱም ባንድ እድሜ ያሉ ልጆች ስህተታቸው ይመሳሰላል። ይቺን ስሰማ ደብተሬን አወጣሁ። ከዛ በኋላ ያሉት የቤት ስራዎች ናቸው ገንዘቤን ያስመለሱልኝ፣ በየሳምንቱ ልጆቻችሁን ይሄን ጠይቁና መልሱን ጽፋችሁ አምጡ ይለናል፣ እንዳታርሟቸው ግን እያለ።

የውሃውን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እኩል ወተት በሁለት እኩል ብርጭቆ፣ ከዛ አንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ መገልበጥ። ትንሿ ረጅሙን አቅፋ "የኔ በዛ!" አለች፣ መሃለኛው ደግሞ ሳቀባትና "መልሰሽ ብትቀጂው ያው አይደል እንዴ" አላት፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ለካ ልጁ ሳያውቅ የነገረኝ ዋናውን ነገር ነው፣ የተገለበጠውን በሀሳቡ መልሶ መገልበጥ መቻሉን። እኔ ብሆን ኖሮ ድሮ "አይ እኩል ነው እኮ ተመልከቺ" እያልኩ ግማሽ ሰዓት እከራከራት ነበር።

የብስኩት ቆርቆሮውስ! ሁላችንም ቤት አለ አይደል፣ ብስኩቱ ካለቀ ዘመን የሆነው፣ መርፌና ክር የሚቀመጥበት። እሱን ሰጠኋትና ምን አለ ውስጡ ስላት "ብስኩት"፣ ከፈተችው፣ ክር። ዘጋሁትና አባባ ሲመጣ ሳይከፍተው ምን አለ ይላል አልኳት፣ "ክር"። አንቺስ ቅድም ሳትከፍቺው ምን መስሎሽ ነበር? "ክር!" አለች ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ። እየዋሸች መስሎኝ ነበር፣ አሰልጣኙ እንደነገረን ግን በዚህ እድሜ አብዛኞቹ እንደዛ ይመልሳሉ፣ እኔ የማውቀውን ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል፣ እኔም ቀደም ሲል ተሳስቼ ነበር የሚለው ነገር የሚገባቸው ከ4 እስከ 5 ባለው ነው። ያኔ ነው የእንቆቅልሿ ነገር የገባኝ። እሷ እንቆቅልሽ ስትለን ምን አውቅልሽ እንላለን፣ ከዛ "ወንዝ!" ትለናለች፣ ጥያቄው ሳይኖር መልሱን፣ ቀጥሎ አገር ስጡኝ ብላ ታለቅሳለች። ወንድሟ ጎንደርን እየሰጣት ነው የሚገላገለው።

ትልቁ ላይ ስንደርስ ኮርሱ ትንሽ ተንገዳገደ። ሃንድአውቱ ላይ ከ11 ወይ 12 ዓመት ጀምሮ ረቂቅ አስተሳሰብ (በዓይን በማይታይ፣ በእጅ በማይያዝ ነገር ላይ ማሰብ) ይመጣል ተብሎ እንደ ክትባት ካርድ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። እሺ ብዬ ቤት ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲወዛወዝ የሚያደርገው የክሩ ርዝመት ነው፣ ክብደቱ ነው ወይስ አገፋፋችን ነው ብዬ ሰጠሁት። ክሩንም አሳጠረ፣ ቁልፍም ጨመረ፣ ባንዴ፣ ከዛ "ክብደቱ ነው" ብሎ ወደ ስልኩ። አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ሌላውን እንዳለ መተው የሚባለው ነገር አልመጣለትም (መልሱ የክሩ ርዝመት ነው)። አባቱም ክብደቱ ነው ብሏል፣ ይሄን እንዳነበበ ይጣላኛል። በኋላ እንደተረዳሁት ፒያዤ ራሱ እ.ኤ.አ. 1972 ላይ እድሜውን ወደ 15 እስከ 20 ገፋ አድርጎ፣ ያውም ሰው በለመደውና በሚሰራበት ነገር ላይ ነው ብሎ አሻሽሎታል፣ ሃንድአውቱ ግን እዛው 11 ላይ ቀርቷል። ይሄው ልጅ ደግሞ ስልክ ሲደወል "እናቴ የለችም በል" ስለው "ውሸት ሁሌ ስህተት ነው ወይስ ለኛ ሲሆን አይደለም?" ብሎ ያፋጥጠኛል፣ እዛ ላይ ረቂቁ ሞልቶለታል።

ስለ ጎረምሶች ከተነገረው የወደድኩት የእ.ኤ.አ. 2005ቱ የመኪና ጌም ጥናት ነው፣ ብቻቸውን ሲነዱና ጓደኞቻቸው እያዩዋቸው ሲነዱ አወዳደሩ፣ ጎረምሶቹ ጓደኛ ሲኖር አደጋውን ይጋፈጣሉ፣ አዋቂዎቹ ላይ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማሰብ አለመቻል አይደለም ችግሩ፣ ከማን ጋር ሆነው ነው የሚያስቡት ነው። ማታ የት ነህ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር ነህ ማለት ጀምሬያለሁ።

አንዲት እናት እኛ አገር ልጆችም እንደዚህ ናቸው ወይ ብላ ስትጠይቅ የተመለሰውም ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. 1969 ላይ ሜክሲኮ (አደባባዩ እንዳይመስላችሁ፣ አገሩ) የሸክላ ሠሪ ልጆች ጭቃ ቅርጹ ቢቀየር መጠኑ እንደማይቀየር ከእኩዮቻቸው ቀድሞ ገብቷቸው ተገኝቷል። እጃቸው ያውቀዋላ። እኔም ወዲያው ሊጥ ሲቦካ አትንኪ የምላትን ልጅ አሰብኩ።

ቅሬታዬን ልናገር። ቪጎትስኪ የሚባለውን የሶቪየት የስነ ልቦና ሰው፣ ልጅ በትልቅ ሰው እርዳታ ምን መስራት ይችላል የሚለውን፣ ለኛ ለወላጆች ከሁሉም በላይ የሚጠቅመንን፣ 10 ደቂቃ ነው የሰጡት። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ግማሿ ደግሞ ሽያጭ ሆነች፣ በ9,000 ብር ልጃችሁን አስመዝግቡ፣ አእምሮውን እናበለጽጋለን፣ ከእኩዮቹ ደረጃ ቀድሞ ያልፋል ምናምን። ፒያዤ እኮ ልጆቹን እንዴት እናፍጥናቸው የሚለውን ጥያቄ "የአሜሪካኖች ጥያቄ" ነበር የሚለው፣ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ ያስተማራችሁን! ወጣቱ አሰልጣኝ ያን ቀን አልነበረም፣ ቢኖር ያፍር ነበር ብዬ ገመትኩ።

እኔ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፣ ሶስቱም የወጣቱ አሰልጣኝ ናቸው። ከተመዘገባችሁ ስልክ ደውላችሁ እሱ ስንት ቅዳሜ እንደሚያስተምር ጠይቁ፣ ከ4 በታች ከሆነ ይቅርባችሁ። ፓርኪንግ የለም። ሰርተፊኬቱ በሳምንት ይደርሳል ተብሎ ይኸው አራተኛ ወሩ።

ትንሿ አሁን አራት ዓመት አልፏታል። ባለፈው እሁድ አባቷ የመኪና ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ ቤቱን ሲያተራምስ፣ ያቺን ቆርቆሮ ይዛ መጥታ "ምን አለ ውስጡ?" አለችው። "ክር ነዋ" አላት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቋን ልትገታ ትታገላለች።