ነዳጄን የበላው ሞተሩ አይደለም

ደብል ጋቢናዬን ከገዛሁ 14 ወር ሞላኝ። አዲስ አበባ ቪትዝ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ስለ መኪናው መጀመሪያ የጠየቀኝ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። «ሰባት ተኩል» አልኩት። ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

እኔ በሰባት ተኩሉ ቅር አልተሰኘሁም። ስምንት ሲሊንደር ያለው የአሜሪካ ትልቅ ፒክአፕ ነው፤ ሲሚንቶና ሴራሚክ ጭኜ የቤት ዕድሳት እሠራበታለሁ። ስገዛው መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በአንድ ጋሎን በከተማ 16፣ በአውራ ጎዳና 22፣ በአማካይ 18 ማይል ይላል። እኔ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ጋሎኑንና ማይሉን ደብተር ላይ እየጻፍኩ በስምንት ወር ያገኘሁት 17.6 ነው፤ ለወንድሜ በሊትር ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ያልኩት ይህንኑ ነው። የአሜሪካዋን ከተማ የዴንቨርን ብርድና ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቁትን አጫጭር መንገዶቼን ላሰበ ሰው ወረቀቱ አልዋሸም።

ጣጣው የመጣው በዘጠነኛው ወር ጎማ ስቀይር ነው። 33 ኢንቹን አውልቄ ጥርሱ ሸካራ የሆነ 35 ኢንች አስገጠምኩ። ለምን? ስለሚያምር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሻጩ «ነዳጅ ላይ ልዩነቱ አይታወቅህም» አለኝ። ታወቀኝ! በመጀመሪያው ወር ደብተሬ 15 አለ።

እስከ ዛሬ ቀይ መብራት ባስቆመኝ ቁጥር ከዚያ ሰው ጋር በልቤ እሟገታለሁ። እያንዳንዱ ጎማ ከቀድሞው 9 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ ቆሜ በተነሣሁ ቁጥር ያንን ሁሉ ክብደት እንደገና የሚያሽከረክረው ማን ነው? ሸካራው ጥርስ አስፋልቱን ሲያሽ በነጻ ነው? መኪናው ከፍ በማለቱ ከሥሩ የሚገባው ነፋስስ? ከሁሉ የምታናድደኝ ግን አረንጓዴዋ ምልክት ናት። ሞተሩ ጭነት ሲቀልለት አራቱን ሲሊንደሮች ያሳርፋል፤ ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች። በአሮጌው ጎማ ሜዳ ላይ አብራኝ ትጓዝ ነበር። አሁን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብልጭ ብላ ትጠፋለች።

ሒሳቡ ላይ የእኔም ስህተት እንደነበረበት መናገር አለብኝ። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይረዝማል፤ የርቀት ቆጣሪው ግን በአሮጌው ልክ ነው የሚቆጥረው። ኢንተርስቴት 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር የተተከሉትን የማይል ምልክቶች እየተከተልኩ 100 ማይል ስነዳ ቆጣሪው 94.3 ላይ ቆመ። ስለዚህ 15 ያልኩት በእውነቱ 15.9 ነው። የፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ በሰዓት 70 ማይል ሲለኝ እኔ 74 ላይ ነኝ። የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፤ ግንባሩ እንደ በር ለሰፋ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለካ ሳላውቀው እየበረርኩ ነዳጅ አፈስ ነበር።

ከታረመም በኋላ በጋሎን 1.7 ማይል ጠፍቷል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ እንደ እኔ ላለ ሰው 73 ጋሎን ገደማ ነው፤ ለቁንጅና ብቻ።

መኪናውን ራሱን አልወቅስም። ወንበሩ ይመቻል፣ ማርሹ ለስላሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ጭነት ይዞ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ያቃስታል እንጂ አላሳፈረኝም። ተጎታች ስጎትትበት በጋሎን ወደ 10 ማይል ይወርዳል፤ ይህንን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ዛሬም ምረጥ ብባል እሱኑ እገዛለሁ።

አሮጌዎቹ ጎማዎች ጋራዡ ውስጥ ተደርድረው ይጠብቁኛል። 35ቱን ለሽያጭ አውጥቻቸዋለሁ፤ ቅዳሜ አንድ ሰው ሊያያቸው ይመጣል። ስለ ነዳጅ ከጠየቀኝ ደብተሩን አሳየዋለሁ። ካልጠየቀኝ ግን «ያምራሉ» ብዬ ነው የምጀምረው።