የቮልሴ ዲመር ከ8 ወር በኋላ

ቮልሴ በፈረንጆቹ የ1970 ሞዴል ናት፣ ባለ 12 ቮልት። የመብራት ማብሪያዋን አንዴ ስትስቡት ፓርኪንግ ይበራል፣ ሁለተኛ ስትስቡት የፊት መብራቱ። ያንኑ እጀታ ስታዞሩት የክሩስኮቶው መብራት ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል፤ ዲመር የምለው ይሄን ነው። የድሮው ስለሞተብኝ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣሁ። ኦሪጅናል አይደለም፣ ኮፒ ነው።

ዲመር ምን ያደርጋል የሚል ሰው በክረምት ምሽት ከአጋሮ ወደ ጅማ ይንዳ። የቮልስ የፊት መስታወት አፍንጫችሁ ሥር ነው። ፍጥነት መለኪያው ከደመቀ ክብ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ዝናቡና ጉሙ ሲጨመርበት፣ ዳር ዳሩን ጃንጥላ ይዞ የሚሄደውን ሰው የምታዩት አጠገቡ ስትደርሱ ነው። እኔ አንድ ቀን እንዲህ ደንግጬ ነው ዲመር የፈለግኩት።

ማብሪያውን ስቀይር የክሩስኮቶዋን አምፖልም በኤልኢዲ ቀየርኩ። መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ገልብጬ ስሰካት በራች። ግን ዲመሩን ባዞረው ባዞረው ያው ነች፣ ድምቅ ብላ ዓይን ትወጋለች። መርካቶ ያሉት አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ገና ሲያይዋት ገባቸው።

«ልጄ፣ እቺ እኮ ኮረንት አትበላም። ምኑን ይቀንስላት?»

እውነታቸውን ነው። ዲመሩ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ነው፤ ቮልቴጅ የሚቀንሰው በውስጡ በሚያልፈው ኮረንት ልክ ነው። ባለ 2 ዋት የክር አምፖል (የድሮው ዓይነት) በ12 ቮልት 0.17 አምፔር ገደማ ይስባል። ትንሽ ኤልኢዲ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የምትስበው። የክር አምፖሉን መለስኩ፣ ዲመሩም ሠራ። ኤልኢዲ ካላችሁ ለእሱ የተሠራ የኤሌክትሮኒክ ዲመር ያስፈልጋችኋል።

መጋቢት ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ምላስ ቆሽሾ ነበር፤ የጅማ እርጥበት ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም። ባትሪውን ነቅዬ እጀታውን ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዞርኩት፣ ለቀቀ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እንደዚያው አዞረዋለሁ። የእጀታው ብሎን ግን ቶሎ ይላላል። በዚህ ኮፒው ከድሮው አይደርስም።

ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡም እንደዚያው። ማታ ስነዳ ግማሽ ላይ አድርጌ እተወዋለሁ። የነዳጁ መርፌ ይታየኛል፤ መስታወቱ ላይ ምንም የለም።