የአባቴን ካሴቶች ላዳኑልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። አሮጌ ካሴት በካርቶን አሽጎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ላስቀመጠ ሰው ደግሞ ጥቆማ ይሁንልኝ።

አባቴ የሬዲዮ ሰው ነበር። ጣቢያ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም፤ ሲያዳምጥ ነው ያረጀው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሊጀምር ሲል ቤታችን ውስጥ ማንም አይስልም፣ ሲኒ ከሲኒ አይጋጭም። ቴፑን ከሬዲዮው ጎን ያስጠጋል፣ ካሴት ይከታል፣ የማጫወቻውንና የመቅጃውን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ጣቱን አንሥቶ እያንዳንዳችንን በተራ ያየናል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ እንዲህ እየቀዳ ያስቀራቸው 17 ካሴቶች ናቸው። በሌሎች ተራኪዎች የተነበቡ አጫጭር ልብ ወለዶች፣ የሬዲዮ ድራማዎችና ምን እንደሆኑ ያልታወቁ ነገሮች ሲጨመሩ በጠቅላላው 41 ይሆናሉ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ካርቶኑን ያወረድነው በእናቴ ምክንያት ነው። ግላኮማ ከያዛት ወዲህ ማንበብ አትችልም። ተወልዳ ያደገችው ጎጃም ስለሆነ ያ መጽሐፍ ለእሷ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ስታወራ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው። ፊታውራሪ መሸሻን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም። «ልጃቸውን ለማን ሊሰጧት ነበር? ለመልአክ?» ትላለች፣ ትናንት እንደተፈጸመ ነገር እየተቆጣች። አንድ ቀን «ያን የአባታችሁን ካሴት እስቲ ክፈቱልኝ» አለች። ከፈትንላት። ቴፑ የመጀመሪያውን ካሴት ክር በላው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር፤ የትነቱን ልተወው። ሁለት ካሴት ለሙከራ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን በፍላሽ ገልብጠው የሰጡኝን ስሰማው ተራኪው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያነብ ይመስላል። «በኮምፒውተር አጽድተነዋል» አሉኝ በኩራት። ሽውታውን እናጠፋለን ሲሉ የ«ሰ»ንና የ«ሸ»ን ጥራት አብረው አጥፍተውታል፤ ሰብለ ወንጌል ስሟ እንኳ በቅጡ አይሰማም።

የማመሰግናቸውን ሰው ያገኘኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ናቸው። ፒያሳ ከነበረው ሱቃቸው ከለቀቁ ወዲህ በቤታቸው በረንዳ ላይ ይሠራሉ። ካርቶኑን ስከፍትላቸው አንድ ካሴት አንሥተው የአባቴን እጅ ጽሑፍ አነበቡና መጀመሪያ የነገሩኝ ሥራውን ሊያሳጣቸው የሚችለውን ነገር ነበር፤ «ልጄ፣ ይህ የወጋየሁ ትረካ እኮ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ገንዘብሽን ለምን ታወጫለሽ?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ለእናቴ ከኢንተርኔት አውጥቼ አሰምቻት ነበር። ጥርት ያለ ነው፣ ከእኛ ካሴት በብዙ ይሻላል። እሷ ግን ጥቂት አዳምጣ «ይህ የእኛ አይደለም» አለች። ይህንኑ ስነግራቸው ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

አሠራራቸውን ከአንድም ሦስት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አንዳንዱ ካሴት በአምስት ትንንሽ ቪት የታሰረ ነው፤ ያ በካቻቢቴ ይከፈታል። ሌላው በፋብሪካ የተጣበቀ ስለሆነ መጋጠሚያውን በምላጭ እየሰነጠቁ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ያዛውሩታል። የተበጠሰውን ጫፍና ጫፉን በሰያፍ ቆርጠው ከጀርባው በስስ ማጣበቂያ ይገጥሙታል። ክሩን ወደ ቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ ወደሚያነበው ክፍል ገፍቶ የሚያስጠጋ፣ የጥፍር ግማሽ የማያክል ለስላሳ ነገር አለ፤ ማስቲሹ ሲደርቅ እሱ ይወድቅና ድምፁ ይደክማል። የብዙዎቹ ካሴቶቻችን በሽታ ይኸው ነበር። እኔ «ድምፁ ጠፍቷል» ብዬ ልጥላቸው የነበሩ ካሴቶች የዚህች ቁራጭ ያለህ እያሉ ነበር ለካ። ሳይሰሙ ገና ሁሉንም ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ያዞሩታል፤ ለዓመታት ያልተነካ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ በሞተር ከተጎተተ ይበጠሳል። ለዚህ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሁላችንም ልጅ ሆነን የተጠቀምንበት ባለ ስድስት ጎን እስክሪብቶ ነው።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን የሄዱ ነገር ነው። የአባቴ ቴፕ ሄዱ ትንሽ ያጋደለ ኖሯል። ያጋደለ ሄድ የቀዳውን ቀጥ ያለ ሄድ ሲያነበው ድምፁ ይታፈናል። እሳቸው በሄዱ ጎን ያለችውን ቪት በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በዝግታ እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሰ» የሚለውን ድምፅ ይጠብቃሉ። ድንገት ወጋየሁ ከበርሜሉ ወጣ። «ድምፁስ አለ፤ እኛ ነን ፊታችንን ያላዞርንለት» አሉኝ። ያኛው ቤት በኮምፒውተር ሊያክመው የሞከረው ነገር የግማሽ ዙር ቪት ጉዳይ ነበር።

ሥራው አቋራጭ የለውም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው። ይህን አለመንገር ስለማይቻል ልናገረው፦ ሁለት ሳምንት ያሉት ሥራ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፤ በመካከል ስልክ የማያነሡባቸው ቀናትም ነበሩ። ተናድጄ ነበር። ቸኩሎ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም።

ከ17ቱ የትረካ ካሴቶች የ9ኙ ወረቀት ረግፎ ስለነበር ተራቸው አይታወቅም። እናቴ ይህን ስትሰማ «መጽሐፉን ውሰጂላቸው» አለችኝ። ያ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሁንም ቤታችን አለ፤ ጠርዙ ላይ አባቴ በእርሳስ የጻፋቸውን ምልክቶች ግን ልብ ብዬ አላየኋቸውም ነበር። ለካ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ መጽሐፉን ገልጦ፣ ካሴቱን ወደ ሁለተኛው ገጹ ሲያዞር ያመለጡትን ቃላት ፈልጎ ያሰምርባቸዋል፤ ጎኑ ላይም «ካሴት 4 ለ» ብሎ ይጽፋል። ባለሙያው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የእያንዳንዱን ካሴት መጀመሪያ እየሰሙ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኙንም ቦታ ቦታቸው አስገቧቸው። ጉዱ ካሣ በሚናገርበት ቦታ ሥራቸውን አቁመው ክፍሉን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። እንዲህ የሚያቆም ባለሙያ ነው አምስት ሳምንት የሚፈጀው፤ እኔም ያኔ ንዴቴ በረደ።

ካሴት 11 ላይ ከትረካው መካከል ድንገት ዘፈን ገባ። ጥፋተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አሁን የሦስት ልጆች አባት ስለሆነ ምሬዋለሁ፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ ይክዳል። ባለሙያው ሌላ ማስረጃ አሳዩኝ፦ ከካሴት 12 ጀምሮ ያሉት ሁሉ በላያቸው ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው የሚከላከለው የጀርባቸው ጥርስ ተሰብሯል። አባቴ ወንድሜን አልመታውም፤ ጥርሱን እየሰበረ ካሴቶቹን ማስቀመጥ ጀመረ እንጂ።

አንድ ቀን ማታ ስልክ ደወሉልኝ። «ስድስተኛው ካሴት ላይ ከትረካው ውጪ የሰው ድምፅ አለ። ላውጣው ወይስ ይቅር?» አሉኝ። ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋቸው። «በሩን ዝጊው፣ ዝናቡ እየገባ ነው» ይላል አሉኝ።

ቴፑ የተቀመጠው ከሬዲዮው ጎን ነዋ። በሽቦ ያልተያያዘ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲቀዳ ኖሯል፤ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ዝናብ፣ የጎረቤት ውሻ፣ የእኔን ሳል፣ የአባቴን ድምፅ። አባቴን በሕይወት እያለ ቀድተነው አናውቅም፤ የሠርግ ቪዲዮ ላይ እንኳ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚታየው። በሌላ እጅ ቢወድቅ ይህ ሁሉ «ጩኸት» ተብሎ በጸዳ ነበር። እሳቸው ከመቁረጣቸው በፊት ስለ ጠየቁኝ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው። እናቴ ያንን ቦታ ስታዳምጥ «ለእኔ ነው ያለኝ» አለችና በሩን ለመዝጋት ስትነሣ ምን ያህል ርምጃ እንደ ሄደች ከቴፑ ለመስማት ደጋግማ አስመለሰችኝ። ይሰማል፤ ማጠፊያው የሚንሲያጠጠው የድሮ በራችን ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ከ41ዱ 33ቱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጡ፣ 5ቱ በከፊል፣ 3ቱ ሻግተው አልሆኑም። የከፈልኩት ለሙሉው በካሴት 350 ብር፣ ለከፊሉ ግማሹን ነው፤ ለሦስቱ ምንም አልተቀበሉኝም፣ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። ሁሉንም በአንድ ፍላሽ፣ በሁለት ዓይነት አድርገው አስረክበውኛል፤ አንዱ ምንም ያልተነካ፣ ሌላው ሽውታው በመጠኑ የቀነሰ። ያልተነካውን በሌላ ቦታም ገልብጬ እንዳስቀምጥ አጥብቀው መክረውኛል። ትረካው የጣቢያው፣ የተራኪውና የደራሲው ሥራ ስለሆነ ለቤተሰብ ይሁን እንጂ በይፋ አትልቀቂው ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ «ላኪልን» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ስማቸውንና አድራሻቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፣ ስልካቸው እንዲጨናነቅ አይፈልጉም። ካሴት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እስከዚያው ካሴቶቹን ቴፕ ውስጥ ከታችሁ አትሞክሯቸው። የረገፈውን ወረቀት አትጣሉት፣ ከካሴቱ ጋር አብራችሁ አምጡት፤ መጽሐፉ ቤት ካለም ጨምሩበት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አይቀበሉም፤ ሬዲዮ እያዳመጡ ነው።