የዓሣ ገንዳ ውሃ ቅያሪ በባሕር ዳር፦ የአንድ ባለሙያ ሥራ በሁለት ገንዳዎች ላይ

በባሕር ዳር ቤት ለቤት እየዞረ የዓሣ ገንዳ የሚያጸዳ አንድ ባለሙያ ላለፉት ስምንት ወራት ሁለቱን ገንዳዎቼን፣ ማለትም 200 ሊትር የሚይዘውን ጨው አልባ ገንዳና 120 ሊትር የሚይዘውን የባሕር ውሃ ገንዳ፣ ሲንከባከብልኝ ቆይቷል። በመጀመሪያው እጅግ ረክቻለሁ፤ ሁለተኛውን ግን መልሼ በራሴ እጅ ይዣለሁ።

በጨው አልባው ገንዳ በየሳምንቱ እየመጣ የውሃውን ሩብ ያህል ከጠጠሩ ሥር ካለው ቆሻሻ ጋር በጎማ ስቦ ያወጣና፣ የክሎሪን ማጥፊያ የተጨመረበትን፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተስተካከለውን የቧንቧ ውሃ ቀስ ብሎ ይሞላል። ከሁሉ ያስደሰተኝ የማጣሪያውን ስፖንጅ የሚያጥብበት መንገድ ነው። ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ፣ ባልዲው ላይ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ከዓሦቹ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በዚያ ስፖንጅ ላይ ነውና፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ይፈጃቸዋል። ከእርሱ በፊት ያሠራሁት ሰው ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ በሄደ በአራተኛው ቀን ሦስት ዓሦች ሞተውብኛል። የጣና ዳር ሰዎች እንደመሆናችን ከሐይቁ ቀድተን ብንሞላ ይቀለናል ብዬ ሳነሣበትም፣ ውሃው ጥገኛ ተሕዋስያን ሊያስገባ እንደሚችል አስረድቶ ከለከለኝ።

የባሕር ውሃ ገንዳ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያስፈልገዋል፤ ይህም ካልሲየምና ማግኒዚየም ጭምር ያለበት፣ ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው እንጂ የወጥ ጨው ወይም አሞሌ አይደለም። በሚገባ በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ፣ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው አንድ ቀን መቆየት አለበት። ባለሙያው በየሁለት ሳምንቱ 15 በመቶውን ሲቀይር ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ይፈጽማል።

ስሕተቱ ያለው በመካከል በሚጎድለው ውሃ ላይ ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ በትነት የጎደለው መተካት ያለበት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። እርሱ ግን በጨው ውሃ ሲሞላው ኖሯል። ዓሦቹ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ አይቼ ሪፍራክቶሜትር (የውሃን የጨው መጠን መለኪያ) ተውሼ ብለካ ጨው በሊትር 41 ግራም ያህል ደርሷል። ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ገንዳው የጨው ስለሆነ የጨው ውሃ ነው የጨመርኩለት» አለኝ፤ መለኪያም አልነበረውም። በአንድ ጊዜ ማውረዱ ዓሦቹን ስለሚጎዳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያልኩ መለስኩት።

ጨው አልባ ገንዳ ላላቸው ጎረቤቶቼ ስልኩን ሰጥቻለሁ። የባሕር ገንዳ ያለው ሰው ግን ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ሪፍራክቶሜትር እንዳለው ይጠይቀው። እኔ መስታወቱ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር አስምሬ፣ በየጠዋቱ እስከ መስመሩ ድረስ የተጣራ ውሃ እጨምራለሁ።